ቢልዱን ለአንሲብል አትስጡት

ዓርብ ማታ ነበር። የሂሳብ ስሌት ላይ አንድ ስህተት ተገኝቶ አረምነው። ኮዱን ሁለት ሰው አየው፣ ወደ ዋናው የኮድ ቅርንጫፍ ገባ። እኔም ማሽኖችን በተጻፈለት መመሪያ የሚያዘጋጀውን አንሲብል የተባለ መሣሪያ ፕሌይቡክ፣ ማለትም የታስኮቹን (የሥራዎቹን) ዝርዝር፣ አስነሳሁ። ቢልዱ፣ ማለትም ኮዱን ኮምፓይል አድርጎ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ታስክ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ «ኦኬ» ብሎ አለፈ። መጨረሻ ላይም «ፌይልድ» (የወደቀ) ከሚለው ጎን 0 ተጽፏል። ላፕቶፔን ዘግቼ ወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ያው ስህተት እዚያው ነበር።

ኮዱን ስንመረምር ግማሽ ቀን ሄደ። ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ጉዱ ያለው ታስኩ ውስጥ ነው። ከትእዛዙ ሥር «ክሪኤትስ» የሚል አንድ መስመር አለ። «ይህ ፋይል ካለ ትእዛዙን አታስኪድ» ማለት ነው። ፋይሉ የተሠራው ፕሮግራም ራሱ ነው። በፊት የቢልድ ማሽኑ በየጊዜው አዲስ ስለሚነሣ ችግር አልነበረም። ያን ሰሞን ግን ጊዜ ለመቆጠብ ብለን ማሽኑን ማጥፋት ትተን ነበር። ስለዚህ የሦስት ቀኑ ፋይል አለ። አንሲብል ፋይሉን አየና አለፈ፤ ከዚያ አሮጌውን ፕሮግራም ሰርቨሮቹ ላይ ጫነው። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሣሪያው የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ስቲቭ ጆንሰን የተባለው ፕሮግራመር አንድ ጠዋት ሙሉ ትክክለኛ ፕሮግራም ላይ ስህተት ሲፈልግ አሳለፈ። ስህተቱን አስቀድሞ አርሞታል፤ የታረመው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም። እየተበሳጨ ወደ ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ፌልድማንም በዚህ መነሻ ሜክ የተባለውን የቢልድ መሣሪያ ሠራ። ሜክ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ፋይል ከየትኞቹ ፋይሎች ነው የሚወጣው? ከእነሱ አንዱ በኋላ ተነክቷል? ከተነካ እንደገና ይሠራዋል፣ ካልተነካ ይተወዋል። እኛ ያን ቅዳሜ የከፈልነው ከዚያ ወዲህ መፍትሔ ላለው ችግር ነው። እስካሁን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

አንሲብል የተሠራው ለሌላ ጥያቄ ነው። ማይክል ዲሃን የተባለው ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጣው ዓላማው ማሽኖችን ማዘጋጀት ነበር። በኤስኤስኤች (በርቀት ማሽን ውስጥ መግቢያ መንገድ) ይገባል፣ በያምል (ቀላል የጽሑፍ አጻጻፍ) የተጻፈለትን ያነባል፣ ማሽኑን ወደተባለው ሁኔታ ያመጣል። ይህ ጥቅል ተጭኖ ይገኝ፣ ይህ ተጠቃሚ ይኑር፣ ይህ ሰርቪስ ይነሣ። «አለ ወይስ የለም?» ብሎ ይጠይቃል። የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚወለድ ግን አያውቅም። ያንን ከሱ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ለቀማ ነው። «ክሪኤትስ»ን አጠፋነው። አሁን ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ሁሉም ነገር ከሥሩ ኮምፓይል ይደረግ ጀመር። እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሌለው ትእዛዝ ሁሌም ቢጫ «ቼንጅድ» (ተቀይሯል) ነው የሚያሳየው። ሰርቪሱን ሪስታርት የሚያደርገው ሃንድለር (ለውጥ ሲኖር ብቻ የሚነሣ ታስክ) ከዚያ ታስክ ጋር ስለታሰረ፣ ማንም ኮድ ሳይነካ ሰርቪሱ ይወድቃል ይነሣል። ያንን ለማረም ሌላ ታስክ ጨመርን፣ የፋይሎችን ቀን የሚያወዳድር። ቀጥሎ ለእሱ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳየው ሜክን በያምል እንደገና እየጻፍን ነው፤ ያውም ደካማውን።

ፍጥነቱም ሌላ ራስ ምታት ነው። አንሲብል ካልቀየሩት በአንድ ጊዜ 5 ማሽን ላይ ይሠራል። ሥራውን የሚያከፋፍለው ግን በማሽኖች መካከል ነው። አንድ ማሽን ውስጥ ታስኮቹ ተራ በተራ ይሄዳሉ። ሜክን 8 ፋይል ባንድ ላይ ኮምፓይል አድርግ ብትሉት ያደርገዋል። በዚያ ላይ አንሲብል የትእዛዙን ውጤት የሚያሳየው ታስኩ ሲያልቅ ነው። ረጅም ኮምፓይል ላይ ባዶ ስክሪን አፍጥጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ሲወድቅ ደግሞ የስህተቱ መልእክት መስመሩ ሳይለይ ተጨፍልቆ ይመጣል።

ቡድኖች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ይገባኛል። ፕሌይቡኩ አስቀድሞ አለ። የሚስጥር ቁልፎቹ እዚያ ናቸው። ሌላ መሣሪያ መማር ጊዜ ይበላል። ቢልዱ በጥቂት ሰከንድ የሚያልቅ ትንሽ ፕሮጀክት ከሆነ ሁሌ ከዜሮ ይሠራ፣ ማን ይጎዳል? ግን ኮዱ ያድጋል። አዲስ የመጣ ልጅ ላፕቶፑ ላይ ኮምፓይል ልሞክር ሲል አንሲብል መጫን፣ የማሽኖቹን ዝርዝር ማግኘት፣ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ዊንዶውስ የሚጠቀም ከሆነ ጭራሽ በውስጡ ሊኑክስ ማስነሣት አለበት፤ አንሲብልን የምታስነሡበት ማሽን በቀጥታ ዊንዶውስ ሊሆን አይችልምና። የጻፈውን አንድ ፋይል ለመሞከር ይህ ሁሉ ጣጣ ተገቢ አይደለም።

አንሲብልን ጣሉት እያልኩ አይደለም። የቢልድ ማሽንን በማዘጋጀት የሚተካው ጥቂት ነው። የኮምፓይለሩ ቨርዥን፣ ላይብረሪዎቹ፣ ፎልደሮቹ በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለውን ጭቅጭቅ በደንብ ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ለባለቤቱ ያስረክብ። ለዚህ ሜክን የሚጠራ ሞጁል አለ። ሞጁሉ በመጀመሪያ ሜክን «የሚሠራ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም ከተባለ «ኦኬ» ብሎ ያልፋል፣ ካለ ያሠራዋል። የኛ ረጅም ፋይል በመጨረሻ ወደ ሦስት ታስክ ወረደ፦ ማሽኑን አዘጋጅ፣ ኮዱን አምጣ፣ ሜክን ጥራ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ልጅም ያንኑ አንድ ትእዛዝ ነው የሚጽፈው።

ሰኞ ሥራ ስትገቡ ፕሌይቡካችሁን ክፈቱና «ክሪኤትስ» የሚለውን ፈልጉ። ከጎኑ ያለው ፋይል ከኢንተርኔት አንዴ ወርዶ የሚቀመጥ ነገር ከሆነ ተዉት። ከራሳችሁ ኮድ የሚወጣ ከሆነ ግን ማሽኑ ላይ ግቡና ፋይሉ የተሠራበትን ቀን እዩ።