በይሉኝታ ራስ ዳሽን አይወጣም

የሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ የሚጀመረው ደባርቅ አይደለም፤ ቴሌግራም ላይ ነው። አንዱ ይነሳና ግሩፕ ይከፍታል፣ «ዋልያዎቹ» ብሎ ይሰይመዋል፣ እሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ የተቀመጠ ሰው ፎቶ ይለጥፋል። ሳይመሽ 32 ሰው «አለሁበት» ይላል። ከነዚህ ውስጥ 20 የሚሆኑት እንደማይሄዱ ያኔውኑ ያውቁታል፤ ግን «አልችልም» ብሎ ማን ፊት ይነሳል? እምቢታው የሚመጣው መነሻው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አክስት ትታመማለች፣ አለቃ ድንገተኛ ስብሰባ ይጠራል፣ ደህና የነበረ ጉልበት ያብጣል። በዚያ ሰዓት ድንኳኑ ተከራይቷል፣ የበቅሎው ቀብድ ተከፍሏል፤ ለ32 ሰው የታሰበው ወጪ የ8 ሰው ዕዳ ሆኗል።

ይሉኝታን የምናማው ጠልተነው አይደለም። ከተማ ውስጥ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ አማትን ከምራት አስማምቶ የሚያኖር እሱ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ እዚያ ሰው የሚታመመው ከብርድ ይልቅ «ምን ይሉኛል» ብሎ ዝም ስላለ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ደረቅ ይሁን። ከመነሻው ሁለት ወር ቀድሞ የወጪውን ግማሽ ያልከፈለ ሰው አይቆጠርም፤ ከፍሎ የቀረም ገንዘቡ አይመለስለትም። ገንዘብ ያዥ የሚሆነው የእቁብ ዳኛ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው «እስቲ ሲመችህ» የሚባል አነጋገር አያውቅም። ልኩ ከ6 እስከ 8 ሰው ነው። ከዚያ ሲበዛ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው የት እንደደረሰ የሚያውቅ ይጠፋል።

ኮሚቴ ሲቋቋም አንደኛው አጀንዳ የቲሸርት ቀለም መሆኑ የታወቀ ነው። ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሲጨርሱ የሚያሳትሙት የጥጥ ቲሸርት ነው፤ ጥጥ ደግሞ ላብ ከጠጣ በኋላ ቶሎ አይደርቅም፤ የቧሂት ተራራ ነፋስ ሲመታው ለባሹን እስከ አጥንቱ ያቀዘቅዘዋል። ጂንስም ያው ነው። የሚያስፈልገው ከላብ ቶሎ የሚደርቅ የውስጥ ልብስ፣ በላዩ የሱፍ ወይም የፍሊስ ሹራብ፣ ከዚያ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ነው። ደህና ፍሊስ የሚገኘው ሰልባጅ ውስጥ ነው፤ ግን ለሰልባጅ ተሰልፎ መታየት ለኮሚቴው አባላት ስለሚከብዳቸው ሦስት እጥፍ ከፍለው ከቡቲክ ጥጥ ይገዛሉ። ጋቢ ማታ ካምፕ ውስጥ ተጠቅልሎ ለማውራት ወደር የለውም፤ መኝታ ግን አይሆንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ለዚያ ብርድ የተሠራ ስሊፒንግ ባግና ከመሬት የሚለይ ምንጣፍ ግድ ነው። ከላይ የመጣውን ብርድ ብርድ ልብስ ይመክተዋል፤ ከሥር የሚመጣው ነው የማያስተኛ።

ቀን መምረጥም ራሱን የቻለ ፖለቲካ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብና ጉም ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ ገደሉ አይታይም። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ አገሩ ለምለም ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ ከየካቲት በኋላ ደግሞ አቧራና ጭጋግ ይበዛል። ይህን ሁሉ ከተስማሙ በኋላ አንዱ «ለምን ጥምቀትን ጎንደር አክብረን በዚያው አንወጣም?» ይላል። ሐሳቡ ያምራል፤ ችግሩ ጥር 11 ጎንደር አልጋ አይገኝም። ከሁሉ በፊት ግን ደባርቅ ላለ ሰው ደውሎ የመንገዱን ጸጥታ መጠየቅ ነው፤ «አሁን ይቅርባችሁ» ካለ ይቀራል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

መንገዱ ራሱ ምስጢር የለውም። ከደባርቅ በመኪና ቡይት ራስ፣ ከዚያ በእግር ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ ማደር። በ2ኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ ከማዶ አይቶ ግጭ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር። በድሮ ወሬ «ግጭ መንደር ገብተን ቡና እንጠጣለን» የሚል አይጠፋም፤ ነዋሪው ወደ ደባርቅ ከተዛወረ ቆይቷል። በ3ኛው ቀን እሜት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር፣ ማደሪያ ጨነቅ። እቅድ የሚፈርሰው በ4ኛው ቀን ነው። ካርታ ላይ ከጨነቅ እስከ ራስ ዳሽን መዳፍ አይሞላም፤ በእግር ግን መጀመሪያ ከ4,200 ሜትር በላይ ባለው የቧሂት ማለፊያ መውጣት፣ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ድረስ መውረድ፣ ከዚያ እንደገና 400 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ አምቢቆ ማደር ነው። የወረዱትን ሁሉ ደግሞ በመልሱ ይወጡታል። 5ኛው ቀን ራስ ዳሽን ደርሶ አምቢቆ መመለሻ፣ 6ኛው ጨነቅ መመለሻ ነው። ይህን «ዓርብ ማታ ወጥተን ማክሰኞ ቢሮ እንገባለን» ብሎ የሚያጥፍ ሰው ካርታውን እንጂ ቁልቁለቱን አላየም።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ፣ ከፍታ ወደሚያመጣው ሕመም። የአዲስ አበባ ሰው «እኛ ደገኞች ነን» ብሎ ይኮራል፤ 2,300 ሜትር አካባቢ መኖር በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ትናንት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የገባ የአክስት ልጅ በየቡድኑ አለ፤ «ልጁ ደክሞታል፣ ይቅር» ለማለት ደግሞ ደፋር የለም። ከባሕር ጠረፍ ለመጣ ሰው አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት፣ ጎንደርና ደባርቅ ሌላ ሁለት ሌሊት ያስፈልገዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ጥሩ ነው። ዳያሞክስ የሚባለው ክኒን ይረዳል፤ የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ሆኖ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመራል። ሰልፋ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት ለማይስማማው ሰው ሊሆን ስለማይችል ከጓደኛ ቦርሳ ሳይሆን ከሐኪም ይታዘዝ።

የሕመሙ ምልክት ይታወቃል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት። አስቸጋሪው ከሐበሻ አፍ ማውጣቱ ነው። «እንዴት አደርክ?» ቢሉት መልሱ ከአያት ከቅድመ አያት የተወሰነ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚለው። ስለዚህ ሰላምታ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ ያስፈልጋል። ራስ ምታትህ ከዜሮ እስከ 3 ስንት ነው? ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃህ? ቁርስ ስንት ጉርሻ በላህ? ሽንትህ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ይህ ለአስተባባሪ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ጠዋትና ማታ፣ ሁሉም ሰው፣ ሴት ወንድ ሳይል ይጠየቅ። ምግብ የጠላውን ሰው ደግሞ «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ ምልክቱን መሸፈን ነው፤ ለጊዜው ሰሃኑ ባዶ ይሆናል፣ ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ ይመለሳል።

ራሱን ያመመው እዚያው ይረፍ እንጂ ከፍ አይበል። ሰውየው ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ነገር ካምታታ፣ ወይም ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በቀጥታ መስመር መራመድ ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው ተጨምሮለት ወዲያው ይወርዳል። ከጨነቅ ከሆነ የመኪና መንገድ አለ፤ ከአምቢቆ ከሆነ በበቅሎ ነው፤ ለዚህም ነው አንድ ትርፍ በቅሎ የሚያዘው። የአረቄ ነገር እዚህ ላይ ይነሳል፦ ማታ ደባርቅ ላይ የተገዛችውን ጠርሙስ የጨረሰ ሰው መስመሩ ላይ ቢንገዳገድ ከፍታው ይሁን አረቄው የሚለይ ሐኪም እዚያ የለም።

ወደ ምግቡ እንምጣ፤ ኮሚቴው ከቲሸርቱ ቀጥሎ በስፋት የተወያየበት እሱ ነው። ዶሮ ወጥ ታቅዷል። ለ8 ሰው ሦስት ዶሮ፣ 6 ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያቁላላበት ላምባ። ጨነቅ ላይ በግ የሚጣልበትም ንዑስ ኮሚቴ አለ። ማንም ያላሰበው ውሃው በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ነው። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ክክ ሦስት ሰዓት ቢንተከተክም ጥርስ ላይ ጠጠር ነው፤ ማታውን ዘፍዝፎ ማሳደር ወይም ጨርሶ ትቶ ሽሮ መያዝ ይሻላል። የሚጠጣ ውሃ ሲፈላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ አለዚያ የክሎሪን እንክብል ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ። እንጨት መልቀም አይታሰብም፤ ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ከርሞ የወጣው የእኛን ደመራ ለማየት አይደለም። የካምፕ ጋዝ ደግሞ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ምድጃውና ላምባው ከጎንደር ይያዝ።

የሚገርመው አያቶቻችን ይህን ጉዳይ ከጨረሱት ቆይቷል። ድርቆሽ ከእንጀራ ውሃው ወጥቶለት የቀረ ነው፤ ቀላል ነው፣ አይሻግትም፣ በትኩስ ሽሮ ወይም በቋንጣ በአምስት ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ትኩስ እንጀራ ግን በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሻግታል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ 150 ግራም በውሃና በጨው በጥብጦ ቁርስ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ፣ ጭኮ ለማለፊያው ቀን። ኮሚቴው ይህን ሲሰማ «የድሃ ስንቅ ይዘን እንግዳ ልናሳፍር ነው?» ይላል፤ በምትኩ የተገዛው የታሸገ ቱና ቆርቆሮው ብቻ የበቅሎ ወገብ ያጎብጣል። ጾመኛው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ከቋንጣውና ቅቤ ካለበት ጭኮ በቀር ስንቁ ሁሉ ከጾሙ ይስማማል። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ የሚለው ግን በባዶ ሆዱ ቧሂትን ሊያልፍ ስላሰበ ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገር።

ሒሳቡ የሚሳሳተው አፍ ሲቆጠር ነው። ለአንድ ሰው በቀን 750 ግራም ደረቅ ምግብ ብንል፣ ለ8 ሰው ለ6 ቀን 36 ኪሎ ይሆናል። ግን 8 አይደላችሁም። ፓርኩ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ ጠባቂ፣ አያስገባም፤ አስጎብኚ አለ፣ ምግብ አብሳይ አለ፣ ሦስት ባለበቅሎዎች አሉ። 14 ናችሁ። 36ቱ ኪሎ ለ14 ሰው በ4ኛው ቀን፣ አምቢቆ ላይ፣ ያልቃል። «እነሱ የራሳቸውን ይይዛሉ» ብሎ ነገር የለም፤ ስካውቱ ጠመንጃውንና አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ሲመጣ «ስንቅ አለህ?» ቢሉት ኩራቱ «አለኝ» ያስብለዋል። እናንተ በልታችሁ እሱ ገደል ገደሉን ሲያይ ማምሸቱ ግን የሚያስበላ አይደለም። ስለዚህ 63 ኪሎ ስንቅ ይያዝ። ለአንድ በቅሎ 40 ኪሎ አካባቢ ታሰቦ፣ የምግቡ፣ የድንኳኑና የላምባው ጭነት ደባርቅ ላይ በሚዛን ይመዘን። በዓይን ግምት የተስማሙ ሰዎች ጠዋት ላይ የባለበቅሎውን ዝምታ ይተረጉማሉ፤ ዝምታው «ይከብዳል» ማለት ነው። ጉዞውን ሌላ በር ላይ፣ ለምሳሌ አዲ አርቃይ ላይ የሚጨርስ ሰው የበቅሎዎቹንም የመመለሻ ቀን ይከፍላል፤ ይህን ቀድሞ አለመነጋገር መጨረሻ ላይ ከሽማግሌ ጋር ያገናኛል።

ስለ ጫማ ብዙ አይባልም። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይመረቅም፤ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይረገጥ፣ ቁልቁለት ላይ ጣት ስለሚገፋ በግማሽ ቁጥር ይስፋ፣ ጥፍር ይቆረጥ። እግር ሲያቃጥል፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ እዚያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው። «ሰው ላስቆም?» እያለ እስከ ካምፕ የተሸከመው ሰው በማግስቱ ስምንቱንም ያስቆማል። እንጦጦ ላይ ተለማምደናል የሚሉም አሉ፤ ልምምዱ አንድ ሰዓት ሽቅብ፣ ሦስት ሰዓት ቁርጥ ቤት ከሆነ የተለማመደው መንጋጋ ነው።

መንገድ ላይ ርቀት አትጠይቁ። የአገሬው ሰው የደከመ እንግዳ ሲያይ ያዝናል፤ አዝኖ «ደርሳችኋል፣ ከዚች ማዶ ነው» ይላል። ከአራት ሰዓት በኋላም ሌላ ደግ ሰው ያንኑ ይላል። «አንተ በቅሎ እየነዳህ ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» ብሎ መጠየቅና በሁለት ማባዛት ይሻላል። ከጨነቅ አምቢቆ ሙሉ ቀን ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት እግር መነሳት አለበት። «4 ሰዓት ገደማ እንውጣ» ያለ ቡድን የመሸሃን ዳገት በግንባር ባትሪ ነው የሚያየው፤ ባትሪ ከያዘ።

ለራስ ዳሽን ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል፣ የመመለሻውም ሰዓት ማታውን ይወሰናል፤ ለምሳሌ ቀን 6 ሰዓት ላይ የትም ይደረስ የት ይዞራል። ጫፉ ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው ነው፤ በኋላ ሲለካ 4,550 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ተራራው 70 ሜትር ሲቀነስበት ቅር ካላለው፣ እኛ ከጫፉ 70 ሜትር ዝቅ ብለን ብንመለስ አይቀየመንም። «እዚህ ድረስ መጥተን!» የሚለው ሰው ግን ሁልጊዜ አለ፤ በተለይ ግሩፑ ውስጥ ለቀሩት 24 ሰዎች ፎቶ ቃል የገባው።

የመጨረሻው ጉዳይ ጉርሻ ነው። ለአስጎብኚው፣ ለአብሳዩ፣ ለስካውቱና ለባለበቅሎዎቹ የሚሰጠው ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ተዋጥቶ፣ በየስሙ በፖስታ ታሽጎ፣ በገንዘብ ያዡ እጅ ይደር። አለዚያ ደባርቅ ላይ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ስምንት ሰው «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንተ» ይባባላል፤ ቀድሞ የሰጠ ልኩን ይወስናልና ማንም መቅደም አይፈልግም። ፖስታው ውስጥ የሚገባው ደግሞ ጥሬ ብር ይሁን። ባለበቅሎው ከአምቢቆ ማዶ ኔትወርክ የሌለበት ቀዬ ገብቶ ጤፍ የሚገዛው በቴሌብር አይደለም።