ዓይን ያወጣ ግድግዳ

ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። ፀጉሬ አልተበጠረም፤ የግራና የቀኝ ካልሲዬ አይተዋወቁም። ቀና ስል ከጎረቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ክብ ዓይን ቁልቁል ያየኛል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እንደምን አደርክ» አልኩት። ካሜራውን!

ጎረቤቴን ስጠይቀው «ለደህንነት ነው ወንድሜ፤ ላንተም ይጠቅማል» አለኝ። የእኔ ጥቅም ይህን ያህል ካሳሰበው መጀመሪያ መሰላሌን አይመልስልኝም?

የመሰላሉን ነገር ላላነሳ ነበር። ከተነሳ ግን ይነሳ። «አምፖል ቀይሬ አሁን አመጣዋለሁ» ብሎ ከወሰደው 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነው። አምፖሉ እስካሁን አልተቀየረም ማለት ነው? ለመሆኑ ካሜራውን የሰቀለው ምን ላይ ቆሞ ይመስላችኋል?

«ግድግዳም ጆሮ አለው» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ጆሮ ግን ይቻላል፤ ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ፣ አለቀ። አሁን ግድግዳው ዓይን አወጣ። ባለቤቱም እንዲሁ።

ሐሳቡ ሲጀመር ክፉ አልነበረም። ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል የኒውዮርክ ነርስ ከባሏ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 ለቤት መጠበቂያ ካሜራ የፈጠራ መብት ጠየቀች፤ በ1969 ተሰጣቸው። በሯን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ሳትከፍት ለማየት ነበር። ልብ በሉ፣ የራሷን በር! የጎረቤቷን ካልሲ አይደለም።

ደግሞ እኮ መላ አለው። የሰው ግቢ የሚታይበትን የምስሉን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ ብዙ ካሜራዎች ላይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 ቤት ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሕዝብ መንገድ ከቀረጸ «የቤቴ ጉዳይ ነው» ብሎ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ማምለጥ እንደማይቻል ወስኗል። ይህን ለጎረቤቴ ብነግረው «ልትከሰኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የሚያናድደኝ ይሄ ሳቁ ነው። እኔ ስታይ እሱ ይስቃል።

ማታ ቆርጬ በሩን አንኳኳሁ። «ካሜራውን አዙርልኝ» ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «መሰላሌስ?» የሚል ሆነ።

«መለስኩልህ እኮ!»

«እንግዲያው ካሜራህ ይመስክራ!»

ስልኩን አወጣ። ለካ የሚይዘው የ7 ቀን ብቻ ነው፤ ካርዱ ሲሞላ በአሮጌው ላይ ይቀርጻል። የሰባቱ ቀን ግን ቁልጭ ብሎ አለ። እኔ ቆሻሻ ስጥል። እኔ ቁልፍ ረስቼ የራሴን በር ስደበድብ። እኔ ብቻዬን ሳወራ። ስለ እሱ መሆኑን ድምፁ ይናገራል፤ ለካ ድምፅም ይቀርጻል!

በአንዱ ቪዲዮ ጥግ ላይ ግን መሰላሌ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ይኸውልህ!» አልኩ።

«እሱማ የኔ ነው» አለኝ።

ስንጨቃጨቅ አመሸን። ካሜራው አሁንም ወደ እኔ በር እንደዞረ ነው።