ለምናልባቱ ይቀመጥ

በድርጅታችን የሰነዶችን ማቆያ ጊዜ የሚወስን ኮሚቴ ሲቋቋም እኔ አባል ሆኜ የተመረጥኩት ስለ መዝገብ አያያዝ በማወቄ ሳይሆን ምርጫው በተካሄደበት ስብሰባ ላይ ባለመገኘቴ ነው። ሥራችንን በቅጽ ጀመርን። ቅጹ ከየክፍሉ ተሞልቶ ሲመለስ፣ ከግዢ እስከ ፋይናንስ ድረስ ሁሉም «የማቆያ ጊዜ» በሚለው ትይዩ «ለዘለዓለም» ብሎ ሞልቶታል። ጠቅላላ አገልግሎት ዘለዓለሙም ያጠረበት ይመስል «እንደ አስፈላጊነቱ ሊራዘም ይችላል» የሚል አክሎበታል።

ነገሩን በዓይናችን ለማየት ወደ መዝገብ ቤት ወረድን። ኃላፊዋ እትዬ፣ ጀርባው በገመድ የታሰረ አንድ ክላሰር አውርደው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ገለጡልን። ለሻይ ክበብ 2 ኪሎ ስኳር እንዲፈቀድ የሚጠይቅ፣ በ1989 ዓ.ም. የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ አምስት ክፍሎች ተዘርዝረዋል፤ አምስቱም ግልባጫቸውን ገቢ አድርገው፣ ቁጥር ሰጥተው አስቀምጠውታል። ስኳሩ ሳምንት አልቆየም።

ሕጉ እንኳ እንደኛ አይጨነቅም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ (ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ያልተከፈለው ደመወዝ የሚጠይቅ ሠራተኛ ያለው ጊዜ 6 ወር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወረቀት መጠየቅ የነበረብን «ይህን ሰነድ አምጡ የሚለን ሰው እስከ መቼ ሊመጣ ይችላል?» የሚለውን ነበር። (የውሉ 10 ዓመት የሚቆጠረውም ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን ግዴታው መፈጸም ከነበረበት ቀን መሆኑን ለሰብሳቢያችን ለማስረዳት አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብናል።) የሠራተኛ የግል ማኅደር ግን ባለቤቱ ቢሞትም ሥራው አያበቃም፤ የትዳር ጓደኛና ልጆች የጡረታ አበል የሚጠይቁት በእርሱ ነው።

ይህንንም የተማርነው ከመጽሐፍ አይደለም። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የአገልግሎት ማስረጃ ፈልገው መጥተው ሦስት ሳምንት አመላለስናቸው። ማኅደሩ አልጠፋም፤ «ለምናልባቱ» ተብለው ከተከመሩት የስኳርና የሳሙና መጠየቂያዎች ሥር ተቀብሮ ነበር።

በመጨረሻ ተስማማን፤ ዋናው በላኪው ክፍል እስካለ ድረስ ግልባጭ ከ1 ዓመት በላይ አይቀመጥም ተባለ። እትዬ እስከዚያ ዝም ብለው ሲሰሙን ቆይተው፣ «ደግ ነው፤ ማስወገጃው ላይ የሚፈርመው ማነው ታዲያ?» አሉ። ሁላችንም ሻያችንን ማማሰል ጀመርን፤ ኦዲተር የሚባል ፍጡር በክፍሉ ያለፈ ይመስል ነበር። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጉዳዩ ለማኔጅመንቱ በደብዳቤ እንዲቀርብ ወሰኑ፤ ግልባጩም ለአምስቱ ክፍሎች እንዲደርስ።