የጓሮው ሙሌት

የመዋኛ ገንዳው ሳጥን ላይ ስድስት ሰዎች አሉ። ስድስቱም ይስቃሉ። አባትየው ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሟል፣ እናትየው ፀጉሯ ርሶም ትስቃለች፣ አያትየው እንኳ ክንዳቸውን የገንዳው ጠርዝ ላይ አሳርፈው ጥርሳቸውን ያሳያሉ። ቅጠል የሚለቅም የለም። ፓምፕ የሚነካካ የለም። እኔም ጋሪዬን እንደያዝኩ መደርደሪያው ፊት ቆሜ፣ ሰባተኛው ሳቂ ለመሆን ተመኘሁ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የሐምሌ ሙቀቱ ሰውን በቁሙ ይቀቅላል። ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። የክፍል ጓደኛዋ ልደት ላይ ውላ መጣችና «አባዬ፣ እነሱ እኮ ፑል አላቸው» አለችኝ። «እኛስ?» አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር።

ተቆፍሮ የሚሠራው ገንዳ ዋጋው ሌላ ቤት ነው። ያሰብኩት ከመሬት በላይ የሚተከለውን ነው፤ ወርዱ 18 ጫማ፣ ቁመቱ 4 ጫማ፣ ክብ። ዋጋው ከአንድ ሰው የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትኬት አይበልጥም። እኛ ቤት ነገር ሁሉ የሚተመነው በትኬት ነው፤ ሶፋው ሁለት ትኬት ነው፣ የልጁ ጥርስ ማሰሪያ አራት ትኬት።

ባለቤቴ ሐሳቡን ሰምታ ስታበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «አንተ መዋኘት ትችላለህ?»

የኔ የዋና ታሪክ ሶደሬ ተጀምሮ ሶደሬ ያለቀ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጋር ለሽርሽር ሄደን፣ ሙቅ ውኃው ውስጥ ገብቼ አንድ እግሬ ወለሉን እየረገጠ እጆቼ ይዋኙ ነበር። ከሩቅ ያየኝ ዋናተኛ ነው ያለው። ልወጣ ስል አንዲት ጦጣ ዳቦዬን ይዛ ዛፍ ላይ ወጥታለች፤ ተከትዬ ለመሮጥ ስነሣ እግሬ ከወለሉ ለቀቀና ያን ቀን በቂ ውኃ ጠጣሁ። ይህንን ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ግን አብራኝ ነበረች።

«ሙሌት» የሚለውን ቃል ወደ ቤታችን ያስገባሁት እኔው ነኝ፤ አሁን ይጸጽተኛል። የውኃውን መጠን ሳሰላ 7,000 ጋሎን ገደማ መጣ። በኛ 26,000 ሊትር ግድም ነው፤ በክብደት 260 ኩንታል። የአትክልት ጎማውን ከፍቼ ብተኛ ለማግስቱ ይደርሳል። «ሙሌቱ በአንድ ሌሊት ያልቃል» አልኩ በኩራት።

«የታችኛው ተፋሰስ አገርስ ያውቃል?» አለች።

የታችኛው ተፋሰስ ማለት ጡረተኛው ጎረቤታችን ናቸው። ጓሯችን ወደሳቸው ይዘቀዝቃል፤ አጥሩ ሥር ቲማቲም ተክለዋል፣ ጠዋት ጠዋት እየዞሩ እንደ ልጅ ያናግሩታል። ገንዳው አንድ ቀን ጎኑ ቢቀደድ 26 ሜትር ኩብ ውኃ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ባለቤቴ ቅድመ ማሳወቅ እንዲደረግ፣ የባለሙያ ጥናት እንዲቀርብ፣ አሳሪ ስምምነትም እንዲፈረም ጠየቀች። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለሚይዘው ግድብ ቦንድ ስትገዛ ከነዚህ አንዱንም አልጠየቀችም። የሕዳሴው ግድብ ከ14 ዓመት በኋላ በጳጉሜን 2017 ተመረቀ፤ የኔው ገንዳ ከመደብሩ መደርደሪያ ሳይወርድ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል።

ለባለሙያው ጥናት አንድ ወዳጄን ጠራሁ። አዲስ አበባ ስሙ የተጠራ ግንበኛ ነበር፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ውኃ ልኩን ግን ከመኪናው ኮፈን አይለየውም፤ ሌላው ሰው መስቀል እንደሚያንጠለጥል። ሲባጎ ወጠረ፣ ተንበረከከ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ የውኃ ልኩን አረፋ እያየ «እምም» አለ። ሣሩን በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ ተነሣ።

«በ18 ጫማ ውስጥ አንድ ክንድ ዘቅዝቋል። አንተ የምትሠራው ገንዳ አይደለም፣ ጢስ ዓባይ ነው።»

«ዝቅ ያለውን በአፈር ብሞላውስ?»

«260 ኩንታል ሲቀመጥበት የተሞላው አፈር ይሰጥማል። የሚቆረጠው ከፍ ያለው ነው።»

ከፍ ያለው ነው የሚቆረጠው! የአገሬ ፖለቲካ ውቅያኖስ ተሻግሮ ጓሮዬ ገባ አልኩ።

ከዚያ የሰፈሩ ማኅበር አለ፤ ኤችኦኤ የሚሉት። እድር በለው፤ ልዩነቱ፣ እድር ስትሞት ይቀብርሃል፣ ይሄኛው በቁምህ ይቀጣሃል። ማመልከቻ ይሞላል፣ ንድፍ ይያያዛል፣ የአጥሩ ቁመት ይለካል፣ የበሩ መቀርቀሪያ ራሱ የሚዘጋ መሆኑ ይረጋገጣል። የኢንሹራንሷ ሴትዮ ደግሞ በስልክ «ትራምፖሊንስ አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የለኝም ስላት በሕይወቴ የሆነ ነገር ስለሌለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመሰገንኩ መሰለኝ።

ስለ አጥሩ ባለቤቴ አልቀለደችም። በዚህ አገር ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚገድል ቀዳሚው ነገር መስጠም ነው። ትንሹ ልጃችን ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወንበር እየገፋ ፍሪጅ ላይ ይወጣል። «መሰላሉን ማታ ማታ አነሣዋለሁ» አልኳት። ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን በየሳምንቱ የሚረሳ ባሏን ዝም ብላ አየችው።

ይሁንና ልቤን ያራደው ይህ ሁሉ አይደለም። እንግዳው ነው።

ፈረንጅ ገንዳ ቢኖረው ገንዳው የሱ ነው። የሐበሻ ገንዳ የማኅበር ነው። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ይደርሳል፣ በቅዳሜው ስድስት መኪና በሬ ላይ ይቆማል። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ ድፎ ዳቦ ተይዟል፣ አምባሻ ተይዟል፣ የዋና ልብስ የያዘ ግን የለም። «እኛ እንኳ ልጆቹን ልናጫውት ነው» ይባላል። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ጥብስ ይንጫጫል፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ማንም አይነቃነቅም። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ትናንት ነው የተሠሩት፤ አንዲት የረጠበች ጠብታ ስትበር ሁሉም ጭንቅላቱን ይይዛል። ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገንዳውን እንደ ሰርግ ቤት ዳስ ይዞሩታል፤ «ስንት ፈጀብህ?» ይላሉ። ከመካከላቸው አንድ ሰው «እኔ ብሆን ሲሚንቶ ነበር የማደርገው» ሳይል አይውልም።

ልጆቹ ግን ይገባሉ። ሃያ ሁለት ልጅ። እጃቸው ከጥብሱ እንደተነሣ። ፊልተሩ የቅቤ ማንጠሪያ ይሆናል። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው «የፑል ሽታ» ደግሞ ብዙዎቻችን እንደሚመስለን የንጽሕና ምልክት አይደለም፤ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወለድ ነገር ነው። ሽታው የሚናገረው ስንት እንግዳ እንደመጣ ነው። እንግዳው ሲሄድ የገንዳው ባለቤት ማታ በባትሪ ወጥቶ የወረቀት መመርመሪያ ይነክራል፤ ፒኤች፣ የውኃው የአሲድነት ልክ ማለት ነው፣ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ገንዳዋ ጠዋትም ማታም የምትታይ፣ የምትመገብ፣ ስትታመም አረንጓዴ የምትሆን ናት። ላም በላት። ላምስ ወተት ትሰጣለች።

ባለቤቴ በመጨረሻ ቀን መቁጠሪያ አወጣች። በዚህ አገር የዋና ወራት ከግንቦቱ ሜሞሪያል ዴይ እስከ ጳጉሜን ግድሙ ሌበር ዴይ ነው፤ 15 ሳምንት ግድም፤ እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ያልቃል። በእርሳስ መሰረዝ ጀመረች። ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ወጣ። በሰሜን አሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን የኳስ ፌዴሬሽን ዝግጅት የጁላይ መጀመሪያ ሳምንት ወጣ፣ ያኔ ቤት የሚቀር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ ከውኃ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሐምሌ ከሰዓት ያለ ነጎድጓድ አያልፍም። ሰርዛ ስትጨርስ ዘጠኝ ቀን ተረፈን። ከዘጠኙ በአራቱ እኔ የማታ ተረኛ ነኝ።

እሑድ ለእናቴ ስደውል ነገሩን ላጫውታት አሰብኩ። አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ነው፤ እናቴ ሰፈር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው።

«እማዬ፣ ጓሮዬ ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ላቆም እያሰብኩ ነው» አልኳት። «መዋኛ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ሟሟ።

«ስንት ይይዛል?»

«1,300 ጀሪካን ገደማ።»

ዝም አለች። ከዚያ ድንገት «ቆይ ልጄ፣ መጣ! መጣ!» ብላ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠችው። የበርሜል ክዳን ሲንኳኳ፣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ሲተፋ፣ ቀጥሎ ውኃው ባዶ ፕላስቲክ ሲመታ ሰማሁ። ጎረቤት ጠራች፣ ባልዲ ተጎተተ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይታ እያለከለከች ተመለሰች።

«አለህ? ጎበዝ፣ ደግ አስበሃል። እዚያም አገር ይጠፋል ለካ። ክዳን አለው?»

«አለው፣ እማዬ።»

«አደራህን ጥሩ አድርገህ ክደነው። ልጆቹ ገብተው እንዳይንቦጫረቁበት።»