ለስታቲስቲክስ ኮርስ ክራክ ፍለጋ ይብቃ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ እያለቀሰች መጣች። ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የቢዝነስ ተማሪ ናት። ለስታቲስቲክስ ኮርስ የተሰጣት አሳይመንት ነጋዴዎችን ጠይቆ ውጤቱን መተንተን ነበር፤ አዘዞ ገበያ ስትዞር ሰንብታ 96 መጠይቅ አስሞልታለች። ዳታ የሚተነተንበትን ፕሮግራም፣ ኤስፒኤስኤስን፣ ያስጫነችው ከአንድ ኮፒ ቤት ነው። ልጁ አንቲቫይረሱን አጥፍቶ፣ ከፍላሽ ክራኩን፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረውን ቅጂ፣ ገልብጦ ሰጣት። ሦስት ሌሊት ቁጭ ብላ ዳታውን አስገባች። በአራተኛው ቀን ፕሮግራሙ ላይሰንስ አልፏል ብሎ ዘጋባት። ተመልሳ ብትወስደው ያው ፍላሽ እንደገና ተሰካ፤ ቤት ስትደርስ ፎልደሮቿ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል።

«ጋሼ፣ ሰኞ ነው የምናስረክበው» አለችኝ።

ደግነቱ ቫይረሱ ፋይሎቹን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም፤ አወጣንላት። እኔን ግን እስካሁን የሚከነክነኝ የኮርስ አውትላይኗ ነው። «ትንተናው በኤስፒኤስኤስ ይሠራ» ይላል። ከየት እንደሚመጣ፣ በማን ገንዘብ እንደሚገዛ አንድም ቃል የለውም። ይህን የምለው መምህሯን ለመክሰስ አይደለም። እኔም ስታቲስቲክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ከሴሚስተር ሴሚስተር እየገለበጥኩ ሰጥቻለሁ። ተማሪው ላይ ምን እንደጫንኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኤስፒኤስኤስ የአይቢኤም ንብረት የሆነ፣ በየጊዜው የሚታደስ ፈቃድ ተከፍሎበት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ነው፤ ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ የማይታሰብ። እንግዲህ ያ ዓረፍተ ነገር ለተማሪው የሚተውለት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ኮፒ ቤቱ።

የሚያስቆጨው ሌላ መንገድ መኖሩ ነው። ልጅቷ የተጠየቀችው አማካይ፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽን፣ አንድ ክሮስታብ (ሁለት ነገሮችን አቋርጦ የሚቆጥር ሠንጠረዥ) ከነካይ ስኩዌሩ (ሁለቱ መዛመዳቸውን የሚፈትሸው) እና አንድ ቲ ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ የሚያነጻጽረው) ነው። ለዚህ ፒኤስፒፒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንንላት። ነጻ ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው የግኑ ፕሮጀክት ሥራ ነው፤ በነጻ ይወርዳል፣ ላይሰንስ አይጠይቅም፣ የአገልግሎት ጊዜውም አያበቃም። በኤስፒኤስኤስ ያስቀመጠችውን ፋይል እንዳለ ከፈተላት። «አናላይዝ» የሚለው ሜኑ እዚያው የለመደችበት ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ክሮስታብስ ገባች፣ በአንዱ በኩል ጾታን፣ በሌላው የብድር ምንጭን አስገባች፣ ካይ ስኩዌር ላይ ምልክት መኖሩን አይታ ኦኬ አለች። ሠንጠረዡ ወጣ። ስክሪኑን ትኩር ብላ አይታ የጠየቀችኝ ግን «መምህሩ ይህን ይቀበሉኝ ይሆን?» ብላ ነው።

ኤክሴል ለሌለው ደግሞ ሊብሬኦፊስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ካልክ የተባለው ክፍሉ የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፣ በኤክሴል መልክም ያስቀምጣል። አንድ ሺት ላይ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ እንደ ኤክሴል ማለት ነው። «ዳታ» በሚለው ሜኑ ሥር «ስታቲስቲክስ» የሚል አለ፤ ቲ ቴስት፣ አኖቫ፣ ሪግሬሽን፣ ካይ ስኩዌር ሁሉም እዚያ ተደርድረዋል። ኤክሴል ላይ ይህን ለማግኘት መጀመሪያ አድ-ኢን የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል ማብራት ያስፈልጋል። ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) ያለበት የኤክሴል ፋይል አንዳንዴ ካልክ ላይ በትክክል አይሠራም፤ ለአንደኛና ሁለተኛ ዓመት አሳይመንት ግን ይህ አያሳስብም።

ፒኤስፒፒ ለሁሉም ይበቃል አልልም። ግራፉ ደካማ ነው፤ ከበድ ያሉ ሞዴሎችም ይጎድሉታል። ለዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት፣ አር የተባለ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች የሚሠሩበት ነው። ትእዛዝ መጻፍ ያስፈራኛል ለሚል፣ በአር ላይ የተገነባው ጃሞቪ እና ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጃስፕ በማውስ ብቻ ይሠራሉ።

«ቀጣሪ የሚጠይቀው ኤስፒኤስኤስ ነው» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ላብ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ ካለ ያስተምሩበት፤ እኔም አስተምርበታለሁ። ፒኤስፒፒ ላይ የለመደ ልጅ ግን ኤስፒኤስኤስ ፊት ቢቀመጥ ግራ አይጋባም፤ የብዙዎቹ ሜኑዎች ስም እንኳ አንድ ነው። ደግሞም ነጻ ሶፍትዌር ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ከተማችን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት፤ የጤና ተማሪዎች ጥናት ላይ «ዳታው በኢፒ ኢንፎ ገብቶ ወደ ኤስፒኤስኤስ ተላከ» የሚለውን ያላነበበ ማን አለ? ኢፒ ኢንፎን ያዘጋጀው የአሜሪካው የበሽታዎች ቁጥጥር ማዕከል ሲሆን ለማንም በነጻ ሲሰጥ የኖረ ነው። ግማሹን መንገድ በነጻ ሄደን ግማሹን በክራክ የምንጨርስበት ምክንያት አይታየኝም።

ተማሪዎቹ ኢንተርኔት ላይ በሚከፈቱ ፕሮግራሞች ለምን አይሠሩም የሚልም ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንዴት እንደከረምን እናውቃለን። መብራቱም እንደምናውቀው ነው። ጎንደር ላይ ለሚማር ልጅ ፕሮግራሙ ላፕቶፑ ውስጥ መኖር አለበት። ሰዉ ኮፒ ቤት የሚሄደውም ስለዚህ ነው፤ ማውረጃ የለውማ።

ስለዚህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው አውትላይኑ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ትቀየር፤ «ተማሪው በሚያገኘው በማንኛውም ሕጋዊ ሶፍትዌር ይሥራ፤ የተጠቀመበትንም ስም ይጥቀስ» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ኮሌጁ ራሱ ያድል። ሊብሬኦፊስ፣ ፒኤስፒፒ፣ አር፣ ጃሞቪና ጃስፕ ተደምረው የ8 ጊጋባይት ፍላሽ ግማሽ አይሞሉም። ከየራሳቸው ድረ ገጽ ወርደው፣ በአንቲቫይረስ ተፈትሸው ላብ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጡ፤ ተማሪው በምዝገባ ሰሞን እየመጣ ይገልብጥ። ለላብ ቴክኒሻኑ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።