ከአብሽር በፊት

እኛ ወሎዬዎች ሰው ሲከፋው ቶሎ ካፋችን የምትወጣ ቃል አለችን፣ አብሽር። ሰው ሞተበት አብሽር፣ ንግዱ ከሰረ አብሽር፣ ማትሪክ ወደቀ አብሽር። ቃሏን እወዳታለሁ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ከማያውቁት ሰው አፍ አብሽር መስማት ራሱ ልብ ያሳርፋል። ግን አብሽር ብለን እኛ እንሄዳለን፣ የተባለው ሰውዬ ግን እዛው ነው የቀረው፣ ውስጡ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፣ ራሱም አልጠየቀ። እንዲህ እየዋጠ ያደገ ሰው ነው እኮ በአርባ አመቱ ሻይ ዘገየብኝ ብሎ አስተናጋጅ ላይ የሚጮኸው።

ይሄን የምለው በታናሽ ወንድሜ ስላየሁት ነው፣ እሱም ጻፈው ብሎኛል። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኛም እንደሰዉ በለሊት ወጣን፣ እሱ ደብተሮቼን ልያዝ ብሎ ሲመለስ አባታችን ተወው ብሎ እጁን ይዞ ጎተተው። ከወር በላይ ቆይተን ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እንግዲህ በዛ አመት ተምሮ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ማትሪክ ከተፈተኑት ልጆች ጋር የተፈተነው፣ በ2015 ጥር ውጤት ሲመጣ ባገር ደረጃ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ከመቶ ልጅ ሶስት ማለት ነው። ቤት ውስጥ ግን ይሄ ቁጥር አይሰራም፣ ወደቅክ ወደቅክ ነው።

ከዛ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ፍራሽ ላይ ነው ያለፉት፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ድረስ ቲክቶክ ላይ ሞቲቬሽን ያያል። ትችላለህ! ተነስ! ሲሉት ደሙ ይሞቅና ፕሮግራም ያወጣል፣ አስራ አንድ ሰአት መነሳት፣ ወደ ጦሳ ተራራ መሮጥ፣ እንግሊዝኛ ሁለት ሰአት ምናምን። ጠዋት አራት ሰአት ላይ ይነቃና ወረቀቱን አይቶ ራሱን ይጠላል፣ ማታ ደሞ ያው። እነዚህ ተናጋሪዎች ክፉ ናቸው አልልም፣ ግን ሙቀቱ ከውጭ ስለሆነ የሚመጣው ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አባታችን ደሞ ወንድ ልጅ ቻይ ነው ይላል። እኔ እዚ ላይ ነው የማልስማማው፣ ቻይና በሳል አንድ አይደሉም፣ ቻይ ሰው ችሎ ችሎ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ በሳል የምለው ምን እንደተሰማው ለይቶ የሚያውቀውን ነው። ወንድሜ ይኸው ሲችል ከርሞ ቻርጀሬን ለምን ነካሽ ብሎ ትንሿ እህታችንን በጥፊ መታት።

በዛው ሳምንት ቡና ላይ፣ አቦሉም ቶናውም አልፎ በረካ ላይ ደርሰን፣ ጎረቤታችን ያሉ አንዲት ትልቅ ሴት ዱዓቸውን ሲጨርሱ ወደሱ ዞሩና «ልጄዋ፣ ተናደህ ነው ወይስ አፍረህ?» አሉት። ዝም አለ፣ ሲኒውን ሁለት ሶስቴ አዟዟረው፣ ከዛ «አፍሬ ነው» አለና እንባው መጣ። እኛ ሁላችን ንዴት ነበር የመሰለን፣ እሱም ራሱ። አብሽር አላሉትም፣ ዝም ብለው ቆሎውን አስጠጉለት። ማታውን እህቱን ይቅርታ ጠየቃት።

ይሄ ነገር እንዲሁ የሴትየዋ ጥበብ ብቻ አይደለም። ማቲው ሊበርማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2007 (በፈረንጅ) ባወጣው ጥናት ሰዎች የተቆጣ የፈራ ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የሚባለው ስጋት ሲመጣ ቶሎ የሚነሳው የአንጎል ክፍል ረገብ እንደሚል አሳይቷል። ስም ሲወጣለት ይቀንሳል ማለት ነው። ደሞ የሚደረገውም ነገር ይለያል እኮ፣ የተናደደ ሰው የሚጣላው ይፈልጋል፣ ያፈረ ሰው ግን አንድ የሚችለው ነገር ነው የሚፈልገው።

አባታችን ድጋሚ ተፈተንና አዲስ ስልክ እገዛልሃለሁ ብሎት ነበር፣ አንድ መጽሐፍ አልገለጠም። ይሄም የተጠና ነው፣ ኤድዋርድ ዴሲ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1971 (በፈረንጅ) ተማሪዎችን እንቆቅልሽ እያስፈታ ግማሾቹን ሲከፍላቸው፣ ብሩ ሲቆም የተከፈላቸው ልጆች ለዛች ጨዋታ የነበራቸው ፍላጎት ቀነሰ፣ በነጻ የሚጫወቱት ግን አልቀነሰም። ዴሲ በኋላ ከባልደረባው ሪቻርድ ራያን ጋር ሆኖ ሰውን ከውስጡ የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ሲመርጥ፣ እችላለሁ ሲል፣ አጠገቡ ሰው ሲኖር ነው አለ። ወንድሜ ማንም ሳይለው ሞባይል የሚጠግን ጓደኛው ጋ ሄዶ መቀመጥ ጀመረ። የመጀመሪያ ቀን የቻርጅ መሰኪያ ሲቀይር ቦርዱን አቃጠለው፣ ጣቱንም፣ ማታ ቤት መጥቶ ግን ስለዛ ቦርድ አንድ ሰአት አወራን። ከወደቀ ጀምሮ እንደዛ ሲያወራ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ ጦርነቱን አይቶ እስካሁን እንቅልፍ የማይወስደው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው በኛ አካባቢ ብዙ ነው፣ ለሱ ራስህን አነሳሳ ማለት ግፍ ነው፣ ሀኪም ጋ ነው መወሰድ ያለበት። እኔ የማወራው ለሌላችን ነው፣ ለልጆቻችን አብሽር ከማለታችን በፊት ያቺን የሴትየዋን ጥያቄ እንድንጠይቅ፣ መልሱ እስኪመጣም ዝም ብለን እንድንጠብቅ ነው የምለምነው።

ባለፈው ወር አባታችን ስልኩ አልሰራ ብሎት ወንድሜ ጋ ሄዶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ድንገት «ያኔ ስትወድቅ እኔም አፍሬ ነበር» አለው። ወንድሜ ቀና ሳይል «በኔ?» ሲለው፣ «አይ፣ ደብተርህን ሳላስይዝህ ስላወጣሁህ» አለ። ወንድሜ መበየጃዋን አስቀመጣት።