ቺንግዳዎን ጀርመን ሠራቻት ወይስ ነጠቀቻት?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ከ1897 እስከ 1914 የዘለቀው የጀርመን አገዛዝ ለቻይናዊቷ የቺንግዳዎ ወደብ ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል።» ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ጀርመኖች ሲደርሱ ቺንግዳዎ ባለችበት በጂያውጆ ባሕረ ሰላጤ ዳር የነበሩት የዓሣ አጥማጆች መንደሮችና አንድ የቻይና ጦር ሰፈር ናቸው። ሲወጡ ግን ትልልቅ መርከቦች የሚያስተናግድ ወደብ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ ዛፍ የለበሱ ኮረብታዎች ነበሩ። በ1904 የተጠናቀቀው የባቡር ሐዲድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ጂናን ይደርሳል። በ1903 የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ ስሙ ዛሬም በዓለም ይታወቃል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የ1898ቱ የመሬት ደንብ ነው። በሌሎች ቅኝ ግዛቶች ነጋዴው መሬት በርካሽ አጋብሶ ዋጋው እስኪንር ቁጭ ይላል። እዚህ ግን መሬቱ በሐራጅ ይሸጣል፤ ገዢው በየዓመቱ ከዋጋው 6 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ አትርፎ ሲሸጠው ደግሞ ከትርፉ ሲሶው ለመንግሥት ነው። የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች የሚባለው ሱን ያት ሴን በ1912 ከተማዋን ጎብኝቶ አድንቋታል። በ1909 የተከፈተውን ከፍተኛ ትምህርት ቤትም የቻይና መንግሥት ራሱ ወጪውን ተጋርቷል። በርሊን ከከተማዋ ከሰበሰበችው ይልቅ ያፈሰሰችው ይበልጣል። ይህ የዘራፊ ሥራ ነው?

ተቃዋሚ፦

ወዳጄ ታሪኩን ከደንቡ ጀመሩት። እኔ ከአንድ ዓመት በፊት ልጀምር። በኖቬምበር 1 ቀን 1897 ሻንዶንግ ውስጥ ጁዬ በሚባል አውራጃ ሁለት ጀርመናውያን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ተገደሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጀርመኑ አድሚራል ፎን ዲደሪክስ ወደ 700 የሚጠጉ ወታደሮች አውርዶ ቺንግዳዎን ያዘ። ለደም ካሣ ነው ተባለ። ይሁንና በኋላ የጀርመን የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነው አድሚራል ቲርፒትስ የቻይናን ጠረፍ ወደብ ፍለጋ የዞረው በ1896 ነው፤ ፍራንሲዩስ የተባለው የወደብ መሐንዲስም ባሕረ ሰላጤውን የለካው ሰዎቹ ከመሞታቸው ከወራት በፊት ነው። ለሐዘን መሐንዲስ አስቀድሞ የሚልክ አላየሁም! በማርች 1898 የተፈረመው የ99 ዓመት «ኪራይ» ወታደር ከገባ በኋላ የመጣ ወረቀት ነው።

አሁን ወደሚወዱት ደንብ። ያ መሬት ለሐራጅ ከመቅረቡ በፊት የማን ነበር? ገበሬው ከጀርመን መንግሥት በስተቀር ለማንም እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ዋጋውም ከወረራው በፊት በነበረው ተተመነ። መንደሮች ፈረሱ። ቻይናውያን በአውሮፓውያኑ ሰፈር መኖር ተከልክለው ዳባውዳው ወደተባለው የራሳቸው ክፍል ተገፉ። ያመሰገኑት የፍሳሽ ቦይ በመጀመሪያ የተሠራው ለማን ጤና እንደሆነ ከዚህ ይገምቱ። ስለ ሐዲዱም የሚያልፍበትን የጋኦሚን አውራጃ ይጠይቁ፦ ለሐዲዱ የተቆለለው አፈር የጎርፉን መውረጃ ዘጋ፤ ገበሬዎቹ ሲቃወሙ ጀርመን ጦር ልካ ገደለቻቸው።

በርሊን ገንዘብ ማፍሰሷን አልክድም። ግን ግዛቱን ያስተዳድር የነበረው ማን ነበር? የቲርፒትስ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት እንጂ የቅኝ ግዛት ክፍሉ አልነበረም። ገንዘቡ የፈሰሰው ለጦር መርከብ ማረፊያ ነው።

ደጋፊ፦

የጋኦሚውን ደም አላስተባብልም። የሚነጻጸረው ግን ከምን ጋር ነው? ቻይና በ1895 በጃፓን ተሸንፋ ተዳክማለች። የሩሲያ መርከቦች በዚያው ክረምት እዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ መልሕቅ ጥለዋል። ጀርመን ባትወስደው ሌላው ይወስደው ነበር፤ ሌላው ደግሞ የመሬት ደንብም ትምህርት ቤትም ላይተው ይችል ነበር።

ተቃዋሚ፦

«እኔ ባልወስደው ሌላ ይወስደው ነበር» የሌባ ሁሉ መከራከሪያ ነው። ቅደም ተከተሉንም ይዩ። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ዊልሄልም በ1897 የሩሲያውን ዛር ፈቃድ ጠየቀ፤ ያዘ። ከዚያ ከቻይና ወደቦች ሩሲያ ፖርት አርተርን፣ እንግሊዝ ወይሃይወይን፣ ፈረንሳይ ጓንግጆዋንን ተከራየን አሉ። ሁሉም ከጀርመን በኋላ ነው።

ደግሞስ የጠየቀ ሁሉ ይወስድ ነበር? በ1899 ኢጣሊያ የሳንመንን ባሕረ ሰላጤ ስትጠይቅ ቻይና ደብዳቤዋን መልሳ ላከችላት። ከዓድዋ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ለእኛ አንባቢዎች ሳይነገር አይታለፍም። ኢጣሊያ ባዶ እጇን ቀረች።

የጥቅሙን ነገር ደግሞ በ1919 እንየው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጃፓን ከእንግሊዝ ጋር ሆና በኖቬምበር 1914 ቺንግዳዎን ማረከች። ቻይና ከጀርመን ተቃራኒ ወገን ተሰልፋ ወደ ፈረንሳይ ብዙ ሠራተኛ ልካ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የሰላም ጉባኤ በተዘጋጀው የቬርሳይ ውል ግን የጀርመን መብት ሁሉ፣ ሐዲዱም ማዕድኑም፣ ለጃፓን ተሰጠ። የቤጂንግ ተማሪዎች በሜይ 4 አደባባይ ወጡ፤ የቻይና ልዑካንም ሳይፈርሙ ቀሩ። ለቻይናውያን የተሠራ ከተማ ቢሆን ኖሮ ፓሪስ ላይ በሌሎች ስም ባልተዛወረ ነበር። ቻይና የተረከበችው በዲሴምበር 1922 ነው፤ ያውም የሐዲዱን ዋጋ ለጃፓን ከፍላ።